የአቅርቦት ችግር ከዲዛይን ጠረጴዛ ይጀምራል፦ ለዓለም ገበያ ምርት ለሚነድፉ ዝርዝር መመሪያ

በማርች 2011 ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ተመታች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ ያሉ የፎርድ መኪና ሻጮች መልእክት ደረሳቸው። ታክሲዶ ብላክ የሚባለውን ጥቁርና አንዳንድ ቀይ ቀለሞችን ለጊዜው እንዳያዝዙ ተነገራቸው። ሞተሩ አለ። ጎማው አለ። ሠራተኛው አለ። የጠፋው ቀለሙን የሚያብለጨልጨው ዱቄት ነበር። ዚራሊክ ይባላል። የጀርመኑ መርክ ኩባንያ ይህን ዱቄት የሚያመርተው ኦናሃማ በተባለች የጃፓን የወደብ ከተማ ባለው አንድ ፋብሪካ ብቻ ነበር። ፋብሪካው ደግሞ ከፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ ብዙም አይርቅም።

ቀለም መምረጥ የውበት ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ያ ጥቁር ቀለም ሲመረጥ አንድ አቅራቢ፣ አንድ ከተማና አንድ ፋብሪካም አብረው ተመርጠዋል። ስለ አቅርቦት ሰንሰለት ሲነሳ ቶሎ የሚመጣልን ወደብ፣ መርከብ፣ ጉምሩክና ዶላር ነው። እኔ ግን ትልቁ የአደጋ ክፍል ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ዲዛይነሩ እርሳስ ሲያነሳ ይወሰናል ብዬ አምናለሁ። ግዢ ክፍሉ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ነገር አልቋል። ከዚያ በኋላ ያለው መሯሯጥ ነው።

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ላይ ቦርሳና ጫማ ሠርተው ወደ ውጭ ለሚልኩ፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆነው ቻይናና ቱርክ እያሠሩ ለሚሸጡ፣ እንዲሁም በትልልቅ የችርቻሮ ድርጅቶች ግዢ ክፍል ለሚሠሩ ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ የሚሰፋ የሴቶች የትከሻ ቦርሳ ነው። ቆዳው የሀገር ውስጥ ነው። ገዢው ጀርመን ያለ የሱቆች ድርጅት ነው። በቦርሳው ላይ የምሰጣቸው ቁጥሮች ለስሌት ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው።

1ኛ፦ ምርቱን በትኑት

አንድ ናሙና አንሱና በመቀስ ፍቱት። በሐሳብ ወይም በሥዕል ሳይሆን እውነተኛውን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ በትኑት። ከቦርሳው የሚወጣው ይህ ነው፦ የውጭ ቆዳ፣ ገበር፣ በመሐል የገባው ማጠንከሪያ፣ ዚፕ፣ የዚፕ መጎተቻ፣ ዘለበት፣ ቀለበት፣ የማግኔት መዝጊያ፣ ክር፣ ማስቲሽ፣ የጠርዝ ቀለም፣ ስም የተቀረጸበት ብረት፣ ውስጥ የሚሰፋ የጨርቅ መለያ፣ የሚንጠለጠል ካርድ፣ መሸፈኛ ከረጢት፣ ማሸጊያ ካርቶን። የቆዳ ቦርሳ ስንል አንድ ዕቃ ይመስለናል። አሥራ ስድስት ነው።

እያንዳንዱን በአንድ መስመር ጻፉት። ከጎኑ እነዚህን ሙሉ፦ ማን ይሸጥልናል? የት ተሠራ? ሌላ ማን ሊሠራው ይችላል? ካዘዝን በስንት ሳምንት ይደርሳል? ትንሹ የትዕዛዝ መጠን ስንት ነው? በሌላ ብንቀይረው ቦርሳው ላይ ምን ይለወጣል?

"ማን ይሸጥልናል" እና "የት ተሠራ" ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ዘለበቱን መርካቶ ከሁለት ነጋዴዎች ልትገዙ ትችላላችሁ። ሁለቱም የሚያመጡት ቻይና፣ ጓንዡ ካለ አንድ ፋብሪካ ከሆነ ግን ያላችሁ አቅራቢ አንድ ነው። እዚያ ፋብሪካ ላይ ችግር ሲመጣ ሁለቱም ነጋዴዎች በአንድ ሳምንት "የለም" ይላሉ። ስለዚህ እስከ ፋብሪካው ድረስ ጠይቁ። ነጋዴው ስሙን መናገር ካልፈለገ ቢያንስ ሀገሩንና ከተማውን ይንገራችሁ። ጭራሽ የማይናገር ከሆነ ያ ዕቃ ሠንጠረዡ ላይ ቀይ ምልክት ይደረግበት።

2ኛ፦ ቦርሳውን የሚያቆመው የትኛው ነው?

አብዛኛው ሰው ትኩረቱን ውድ የሆነው ዕቃ ላይ ያደርጋል። ቆዳው ውድ ነው፤ ስለዚህ ስለ ቆዳው ይጨነቃል። ምርት የሚያቆመው ግን ብዙ ጊዜ ርካሹ ዕቃ ነው። ዚፕ የሌለው ቦርሳ አይላክም። መለያ ያልተሰፋበት ቦርሳ አውሮፓ ሱቅ አይገባም።

ዚፑን ጠጋ ብለን እንየው። ዚፕ ራሱ አንድ ዕቃ አይደለም። የጨርቅ ጥብጣብ አለው፣ ጥርስ አለው፣ ተንሸራታች አለው፣ ከተንሸራታቹ ላይ የሚንጠለጠል መጎተቻ አለው። ለቦርሳ የሚሆነው ቁጥር 5 ዚፕ በብዙ ሀገር ይሠራል፤ ከቻይና ቢታጣ ከቱርክ፣ ከህንድ ወይም ከጣሊያን ይገኛል። ችግሩ የሚጀምረው ዲዛይነሩ "መጎተቻው የድርጅታችን አርማ ቅርጽ ይኑረው" ሲል ነው። አሁን ሞልድ፣ ማለትም የቅርጽ ማውጫ፣ ያስፈልጋል። ሞልዱ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ከ5,000 በታች አልሠራም ይላል። ጥብጣቡና ጥርሱ በሦስት ሳምንት ሲደርሱ መጎተቻው አሥር ሳምንት ይፈጃል። እናም የመላው ቦርሳ ጊዜ አሥር ሳምንት ሆነ ማለት ነው። የምርት ጊዜ የሚለካው መጨረሻ በሚደርሰው ዕቃ ነው።

መፍትሔው ደግሞ አያስቸግርም። ቀዳዳ ያለው የተለመደ ተንሸራታች ግዙ። መጎተቻውን ከራሳችሁ የቆዳ ቁርጥራጭ ቆርጣችሁ አስሩበት። አርማውን ቆዳው ላይ በሙቀት አትሙት። ቦርሳው አላነሰም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያምርበታል። ሞልዱ፣ 5,000 የሚለው ትዕዛዝና አሥሩ ሳምንት ግን ቀሩ። እንዲህ ዓይነት መፍትሔ ሊመጣ የሚችለው ገና ንድፍ ላይ እያላችሁ ነው። ናሙናው በገዢው ከጸደቀ በኋላ መጎተቻ መቀየር ራሱን የቻለ ድርድር ይሆናል።

3ኛ፦ የክፍሎቹን ቁጥር ቀንሱ

አንድ ሒሳብ እናድርግ። እያንዳንዱ ዕቃ በሰዓቱ የመድረስ ዕድሉ 95 ከመቶ ነው እንበል። ይህ ጥሩ አቅራቢ ነው። አሥራ ስድስቱም ዕቃዎች በሰዓቱ የመድረስ ዕድላቸው ግን 44 ከመቶ ብቻ ነው፤ አንዱ የሌላውን እስካልነካ ድረስ 0.95 በራሱ 16 ጊዜ ሲባዛ የሚሰጠው ይህን ነው። ከሁለት ትዕዛዝ አንዱ እንኳ ሳይዘገይ አይወጣም። ክፍሎቹን ወደ አሥር ብታወርዱ ዕድሉ 60 ከመቶ ይሆናል። አቅራቢ አልቀየራችሁም፤ ማንንም አልተቆጣችሁም፤ የቀየራችሁት ንድፉን ብቻ ነው።

በእኛ ቦርሳ ላይ እንዴት ወደ አሥር ይወርዳል? መጎተቻውን ከቆዳው ሠራነው። ስም ያለበትን ብረት ትተን በሙቀት አተምነው። ዚፕ ካለ የማግኔት መዝጊያው አያስፈልግም። ጠርዙን አጥፈን ከሰፋነው የጠርዝ ቀለም ቀረ። ማንጠልጠያውን በቀጥታ ከሰፋነው ቀለበቱ ቀረ። መሸፈኛ ከረጢቱን ከገበሩ ጨርቅ እንቆርጠዋለን። ስድስት ዕቃ ወጣ።

ይህ ዋጋ የለውም አልልም። ጠርዝ አጥፎ መስፋት የእጅ ሥራ ይጨምራል፤ ጥሩ ሰፊም ይፈልጋል። ግን እጁ እዚሁ ነው። የጠርዝ ቀለሙ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ባንክ ወረፋ ይጠብቃል፣ ጅቡቲ ላይ ይራገፋል። ሀገር ውስጥ ያለ ሙያ ከውጭ የሚገባን ዕቃ ሲተካ እኔ ሁልጊዜ ወደ ሙያው አደላለሁ። ውበቱን የሚገድል ቅነሳ ግን አታድርጉ። የማይሸጥ ቦርሳ ቶሎ ቢደርስ ምን ይጠቅማል?

4ኛ፦ የቀረውን ሁሉ ምትክ እንዲቀበል አድርጋችሁ ንደፉ

በ2000 ማርች 17 አልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ ያለው የፊሊፕስ የቺፕ ፋብሪካ በመብረቅ እሳት ተነሳበት። እሳቱ በአሥር ደቂቃ ገደማ ጠፋ። ጭሱና ውሃው ግን ቺፕ የሚሠራባቸውን ንጹሕ ክፍሎች አበላሸ። ከፋብሪካው የሚገዙ ሁለት ትልልቅ የስልክ ድርጅቶች ነበሩ፤ ኖኪያና ኤሪክሰን። ኖኪያ ቶሎ ነቃ። መንቃት ብቻውን ግን አይበቃም ነበር። ስልኮቹን ከሌሎች አምራቾች የሚመጡ ትንሽ የተለዩ ቺፖችን እንዲቀበሉ ማስተካከል ቻለ። ኤሪክሰን ለእነዚያ ቺፖች ሌላ ምንጭ አልነበረውም። ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሽያጭ አጣ። በቀጣዩ ዓመት ስልክ ለብቻው መሥራቱን ትቶ ከሶኒ ጋር ተጣመረ።

ስለዚህ በዝርዝራችሁ ላይ የምርት ስም ሳይሆን መሥፈርት ጻፉ። "የእገሌ ድርጅት ዘለበት፣ ኮድ ይህ" ብላችሁ አታስሩት። "ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር፣ የብር ቀለም፣ ይህን ያህል ክብደት የሚሸከም" በሉት። ማንጠልጠያውን በ25 ሚሊ ሜትር ከነደፋችሁት በየሀገሩ ዘለበት ይገኝለታል። በ23 ከነደፋችሁት ግን ራሳችሁ ልታሠሩት ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ለዓይን ምንም አይደለም፤ ለግዢ ግን ሰማይና ምድር ነው።

ለአውሮፓ ገበያ ከሆነ መሥፈርቱ ውስጥ ሕጉም ይግባ። ገላን የሚነካ የቆዳ ምርት ላይ ክሮሚየም ስድስት የሚባለው ጎጂ ኬሚካል መጠን በኪሎ ከ3 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ ከሜይ 2015 ጀምሮ ሕግ ነው። ለረጅም ጊዜ ገላ የሚነካ ብረት የሚያወጣው ኒኬልም ገደብ አለው። ምትኩ ዕቃም ይህን ፈተና ያለፈ መሆን አለበት። ጭንቅ ሲመጣ ሳይፈተሽ የተገዛ ዘለበት መዘግየትን ወደ መታገድ ይቀይራል።

ከዚያም ሁለቱንም፣ ዋናውንና ምትኩን፣ ለገዢው በአንድ ጊዜ ናሙና አድርጋችሁ ላኩ። ሁለቱንም በጽሑፍ ያጽድቅ። አንዱ ሲጠፋ ሌላውን ለማስገባት ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ይህን የሚያደርግ አምራች ጥቂት ነው። አብዛኛው ዕቃው ሲጠፋ ነው ምትክ የሚፈልገው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁለት አቅራቢ መያዝ ጠባብ ዲዛይንን አያድንም። ሳምሰንግ በ2016 ጋላክሲ ኖት 7ን ሲያወጣ ባትሪውን ከሁለት አምራቾች ነበር የሚገዛው። ስልኮቹ መቃጠል ጀመሩ። ወደ 2.5 ሚሊዮን ስልክ ከገበያ እንዲመለስ ተጠራ። በሁለተኛው አምራች ባትሪ የተተኩትም ተቃጠሉ። በኋላ በጃንዋሪ 2017 እንደተገለጸው የመጀመሪያው ባትሪ ጥጉ ላይ በቂ ቦታ ስላልነበረው ውስጡ ይታጠፍ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ የብየዳ ጉድለት ነበረበት። ምትክ ዕቃ መጠኑ በትንሹ ቢለያይ እንዲገባ ከፈለጋችሁ ቦታ ተዉለት። ለዚፑ የተከፈተው ቦታ፣ ለቁልፉ የተበሳው ቀዳዳ፣ የስፌቱ ጠርዝ፤ በእያንዳንዱ ላይ የሚፈቀደውን ልዩነት በሚሊ ሜትር ጻፉ።

5ኛ፦ ልዩነቱን ወደ መጨረሻ ግፉት

ለእኔ ከሁሉም የበለጠ የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ነው።

ቦርሳው በአምስት ቀለም፣ በሁለት መጠን፣ በወርቅማና በብርማ ብረት ይምጣ ብላችሁ ብትወስኑ ሃያ የተለያየ ዕቃ ፈጠራችሁ። ለሃያውም ስንት እንደሚሸጥ መገመት አለባችሁ። ጥቁሩ ከወር በፊት ያልቃል፤ አረንጓዴው መጋዘን ውስጥ ይከርማል። የጠቅላላው ቦርሳ ግምት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የየአንዳንዱ ግን መሳቱ አይቀርም። ብረቱን በአንድ ቀለም ብቻ ብታደርጉት ሃያው አሥር ይሆናል። የሚያጉረመርም ደንበኛ ብዙም አይኖርም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዘዴ ልዩነቱን ማዘግየት ነው። የጣሊያኑ ቤኔቶን በዚህ ይታወቃል። የተለመደው አሠራር ክሩን መጀመሪያ ማቅለም፣ ከዚያ ሹራቡን መሥራት ነበር። ቤኔቶን የተወሰኑ ሹራቦቹን ባልቀለመ ክር ሠርቶ ማስቀመጥ ጀመረ። በዚያ ወቅት የትኛው ቀለም እንደሚፈለግ ሲታወቅ የተሠራውን ሹራብ ያቀልማል። ኤች ፒ ደግሞ በዴስክጄት ማተሚያው ላይ ሌላ ችግር ነበረበት። ማተሚያው ከአሜሪካ ሲወጣ የየሀገሩ የኤሌክትሪክ ኃይል መስጫ ገጥሞለት ነበር። አንድ ወር ያህል ባሕር ላይ ቆይቶ አውሮፓ ሲደርስ የአንዱ ሀገር ዓይነት ተትረፍርፎ የሌላው ይጠፋል። ማተሚያው ኃይል መስጫው በቀላሉ ከውጭ እንዲገጠም ሆኖ እንደገና ተነደፈ። የየሀገሩ መሰኪያና መመሪያ ደብተር አውሮፓ መጋዘን ውስጥ እንዲጨመር ሆነ። ልብ በሉ፤ መጋዘኑ ይህን መሥራት የቻለው ዲዛይኑ ስለተቀየረ ነው። ማተሚያውን በመፍቻ መክፈት የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ አይሞከርም ነበር።

በእኛ ቦርሳስ? ቆዳ ፋብሪካው ቆዳውን አልፍቶ አድርቆ ቀለም ሳይጨርስ፣ በክረስት ደረጃ ሊያስቀምጥላችሁ ይችላል። ቀለሙ ትዕዛዙ ሲረጋገጥ ይጨረሳል። ረጅሙ የቆዳ ሥራ አልቋል፤ የቀረው አጭሩ ነው። ለዚህ ግን ዲዛይኑ መተባበር አለበት። አምስቱም ቀለሞች ከአንድ ዓይነት ክረስት፣ በአንድ ውፍረት የሚሠሩ ይሁኑ። አንዱ የበግ፣ ሌላው የፍየል፣ ሦስተኛው የከብት ቆዳ ከሆነ ማዘግየት የሚባል ነገር የለም። ክሩም ከእያንዳንዱ ቀለም ጋር መመሳሰሉን ትታችሁ ከሁሉም ጋር የሚሄድ አንድ የክር ቀለም ምረጡ። ሌላው ዘዴ ማንጠልጠያው በመንጠቆ የሚገጠም እንዲሆን ማድረግ ነው። አካሉ አንድ፣ ማንጠልጠያው ሦስት ዓይነት፤ የሚገጠመውም ጀርመን ሲደርስ። እርግጥ ነው መንጠቆ ሲገባ ቅድም ያስወጣነው ብረት ተመለሰ። የትኛው እንደሚያዋጣ በዕቃችሁ ላይ መመዘን የእናንተ ፋንታ ነው። የምትሸጡት በብዙ ዓይነት ከሆነ መንጠቆው ያዋጣል፤ አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ አያስፈልግም።

6ኛ፦ ካርቶኑን ከቦርሳው ጋር ንደፉ

ማሸጊያ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነገር ሆኗል። መሆን የለበትም።

የአውሮፓ ፓሌት 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ነው። 60 በ40 የሆነ ካርቶን በአንድ ድርድር አራት ይቀመጥበታል፤ ምንም ክፍት ቦታ አይተርፍም። አሁን ቦርሳው ትንሽ ሰፋ ብሎ ካርቶኑ 62 በ40 ይሁን። ሁለት ጎን ለጎን 124 ሆነ፤ አይገባም። ብታዞሩትም በአንድ ድርድር ሦስት ነው የሚይዘው። በሁለት ሴንቲ ሜትር ምክንያት ከፓሌቱ ሩብ ጠፋ። ሩብ ጠፋ ማለት ለእያንዳንዱ ካርቶን የመጋዘን ኪራይም የመኪና ኪራይም በሲሶ ጨመረ ማለት ነው። ቦርሳው ላይ ያንን ሁለት ሴንቲ ሜትር ማን አስተዋለው?

ይህ የወጪ ጉዳይ ብቻ ቢሆን እዚህ አላነሳውም ነበር። አደጋ ሲመጣ ማምለጫችሁ አውሮፕላን ነው። አውሮፕላን ደግሞ የሚያስከፍለው በክብደት ወይም በመጠን፣ የበለጠውን መርጦ ነው። የተለመደው ስሌት ርዝመት በወርድ በቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለ6,000 ማካፈል ነው። 60 በ40 በ40 የሆነ ካርቶን 16 ኪሎ ይባላል። ውስጡ ያሉት ቦርሳዎች 9 ኪሎ ቢመዝኑም የሚከፈለው የ16 ነው። ታጥፎ የሚተኛ ቦርሳ ከሆነ ያው ብዛት በግማሽ ካርቶን ሊገባ ይችላል። ግትር ሆኖ የሚቆም ቦርሳ ከሆነ አየር ነው የምትልኩት። ኢኬያ የቤት ዕቃውን ጠፍጣፋ አድርጎ ማሸግ የጀመረው በ1950ዎቹ ነው፤ ያ የማሸጊያ ሐሳብ ቀስ በቀስ የድርጅቱ የዲዛይን መሠረት ሆነ።

አማራጭ መንገድ መያዝ ቅንጦት እንዳልሆነ ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። በማርች 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ ስዌዝን ለስድስት ቀን ዘጋችው። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ ዞረው መሄድ ያዙ። ከእስያ አውሮፓ የሚሄደው ጉዞ በአሥር ቀንና ከዚያ በላይ ረዘመ። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 ከመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ጅቡቲ ደግሞ እዚያው ባሕር በር ላይ ናት። የበዓል ሰሞን ዕቃ ከሆነ የተወሰነው ክፍል በቦሌ በኩል ቢወጣ እንኳ ኪሳራ የማያመጣ እንዲሆን ዲዛይኑ ላይ አስቡበት።

7ኛ፦ መንገድ የሚዘጋ ዕቃ አታስገቡ

ባትሪ፣ ፈሳሽ፣ ጠንካራ ማግኔት፣ ተቀጣጣይ ነገር። ከእነዚህ አንዱ ሲገባ ዕቃው ተራ ዕቃ መሆኑ ይቀራል።

ስማርት ሻንጣ የሚባሉት በ2017 አካባቢ ገበያው ላይ ገነው ነበር፤ ስልክ ይሞላሉ፣ የት እንዳሉ ይነግራሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አሜሪካን፣ ዴልታና አላስካ አየር መንገዶች ሊቲየም ባትሪው የማይወጣ ሻንጣ ከጃንዋሪ 15፣ 2018 ጀምሮ እንደማይቀበሉ አስታወቁ። ብሉስማርት የሚባለው ታዋቂ አምራች ባትሪው በተጠቃሚው የሚወጣ አልነበረም። በ2018 ሜይ ሥራውን ዘጋ። ባትሪውን የሚያወጣ አንድ መክፈቻ የዲዛይን ውሳኔ ነበር።

ቦርሳችሁ ላይ መብራት ወይም ኃይል መሙያ ለመጨመር ካሰባችሁ ባትሪውን ደንበኛው ራሱ ይግዛው። ቦታውንና ገመዱን ብቻ ሥሩለት። ባትሪ የግድ ከሆነ በቀላሉ የሚወጣ ይሁን። በአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ የአነስተኛ መሣሪያ ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል እንዲሆን ሕጉ ያዛል።

8ኛ፦ ቀረጡንና ጥሪውን አስቀድማችሁ አስሉ

ቀረጥ የሚወሰነው ዕቃው ከምን እንደተሠራና የት እንደተሠራ ነው። ሁለቱም የዲዛይን ውጤት ናቸው። የኮንቨርስ ኦል ስታር ጫማ ሶል ላይ ስስ የጨርቅ ጸጉር የሚታየው ቀረጡ ዝቅ ወዳለ የጫማ ምድብ እንዲገባ ነው። ይህ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን የጉምሩክ ባለሙያ ሳታማክሩ አትሞክሩት።

ለእኛ ሀገር አምራች ትምህርቱ ከዚህ ይመርራል። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ አሜሪካ ለአፍሪካ ሀገሮች ከሰጠችው የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ወጣች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 2021፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረው የአሜሪካ የልብስ ድርጅት ፒ ቪ ኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር፤ ምክንያቱን ያደረገው ጦርነቱን ነው። በአጎዋ ምክንያት ብቻ አሜሪካ ላይ ያዋጣ የነበረ ልብስ በአንድ ቀን ማዋጣቱን አቆመ። እዚያ መስመር ላይ የነበሩት ወጣት ሴቶች በዲዛይኑም በፖለቲካውም አልተጠየቁም። ስለዚህ ዋጋ ስታወጡ ሁለት ጊዜ አስሉ፤ አንዴ ከቀረጥ ነፃ፣ አንዴ ከሙሉ ቀረጥ ጋር። በሁለተኛው ላይ ኪሳራ ከሆነ ምርቱ በአንድ የመንግሥት ፊርማ ላይ ቆሟል። ያንኑ ቦርሳ ምንም ሳትቀይሩ አውሮፓ፣ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮችና አሜሪካ ላይ መሸጥ እንድትችሉ መለያውንና ፈተናውን ለሦስቱም አዘጋጁ። አንዱ ሲዘጋ ዕቃው ወደ ሌላው ይዞራል።

ጥሪም አለ፤ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ከገበያ መልሶ መሰብሰብ ማለት ነው። ማቴል በ2007 በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሻንጉሊቶችን ከገበያ ሰበሰበ። ዓለም ያወራው ስለ ቻይና ፋብሪካዎችና ስለ እርሳስ ቀለም ነበር። ከተሰበሰቡት ግን የሚበዙት የተጠሩት ሕፃናት ሊውጡት በሚችሉት ትንንሽ ማግኔት ነው። በሴፕቴምበር የማቴል ኃላፊ ቤጂንግ ሄዶ ይቅርታ ሲጠይቅ አብዛኛው ጥሪ የመጣው ከማቴል የራሱ የዲዛይን ጉድለት እንጂ ከቻይና ፋብሪካዎች ጥፋት እንዳልሆነ ተናገረ። ቦርሳችሁ የልጅ ከሆነ የሚነቀል ትንሽ ነገር አይኑረው።

9ኛ፦ ሥዕሉን ከመዝጋታችሁ በፊት ፈትኑት

ዲዛይነሩን፣ ግዢውን፣ የምርት ኃላፊውንና ላኪውን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡ። የተበተነው ቦርሳ መሐላቸው ይሁን። ሠንጠረዡን ይዛችሁ ጥያቄ ጠይቁ። ዘለበቱ የሚመጣበት ከተማ ለሁለት ወር ቢዘጋ? ባንክ ለገበሩ ኤል ሲ (ለሻጩ የክፍያ ዋስትና የሚሰጥ ሰነድ) ለመክፈት ስድስት ሳምንት ቢያቆየን? ጥቁሩ ከታሰበው በእጥፍ ቢሸጥ? መርከቡ ሦስት ሳምንት ቢዘገይ? ለእያንዳንዱ መልስ ይጻፍ። "እንደምንም እናደርጋለን" መልስ አይደለም። መልሱ የሰው ስም፣ የምትክ ዕቃ ስምና የሳምንት ቁጥር ይኑረው። መልስ ያጣ ጥያቄ ካለ ሥዕሉ ወደ ዲዛይነሩ ይመለሳል።

ዲዛይነሩ እዚህ ስብሰባ ላይ የግድ መኖር አለበት። ብዙ ቦታ ዲዛይነር ሥዕሉን አስረክቦ ይሄዳል። መርካቶ ዘለበት ፍለጋ ሲዞር የሚውለው ሌላ ሰው ነው። አንዴ ግዢ አብሮ ቢወርድ ቀጣዩን ቦርሳ በሌላ ዓይን ነው የሚነድፈው።

ስብሰባው ሲያልቅ ከገዢው ጋር የምትፈራረሙት ውል ላይ ሁለት ነገር አስገቡ። አንደኛው የጸደቁት ምትኮች ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ስለ መዘግየት ቅጣት ነው። ትልልቅ ቸርቻሪዎች በዚህ ጨካኝ ናቸው፤ ዎልማርት በ2017 በጀመረው አሠራር በሰዓቱና በሙሉ ያልደረሰ ዕቃ ላይ ከዋጋው 3 ከመቶ ይቆርጣል። ቅጣቱ የሚታሰበው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ፣ የባሕር መንገድ መዘጋት ከአቅም በላይ ተብሎ ይቆጠር እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ሠንጠረዡን ደግሞ አታስቀምጡት። በየስድስት ወሩ አውጡና "ሌላ ማን ሊሠራው ይችላል" የሚለውን አምድ እየደወላችሁ አረጋግጡ። ከዓመት በፊት ምትክ የነበረው ፋብሪካ ዛሬ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ አንድ አነስተኛ ትዕዛዝ በዓመት ከምትኩ አቅራቢ ግዙ። የሚያውቃችሁ ነጋዴ ስልክ ያነሳል፤ የማያውቃችሁ ግን ዕቃው ሲጠፋ ቅድሚያ የሚሰጠው ለነባር ደንበኞቹ ነው።